ጉርሻ የማይቀበለው መሪጌታ

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ወረቀቱን መጻሕፍት በማነብበት አትሮንስ ላይ ዘርግቼ ጥቂት እጽፍና ወጥቼ ግቢውን እዞራለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ ጥቂት እጽፋለሁ። ባለቤቴ የሺ ከማድቤት ብቅ ትልና «አሁን ደግሞ ምን ጠፋብህ?» ትለኛለች። ምንም አልጠፋብኝም። የዕድሜዬን እኩሌታ ተቀምጬ ስለኖርሁ መቀመጥ አስጠልቶኝ ነው። ሌላው ሰው ሲታመም ዕረፍት ያጣል፤ እኔ ግን ስድን ነው ያጣሁት።

በደብረ ማርቆስ ዳር ባለ አንድ ደብር ዜማ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼም ጎረቤቶቼም «የኔታ» ይሉኛል። ድሮ ሰው የሚያውቀኝ በድምፄ ነበር፣ ኋላ በሆዴ፣ አሁን ደግሞ በመክሳቴ። ገበያ ስወጣ የሚያስቆመኝ ብዙ ነው። አንዱ «ምን አገኘዎት?» ይለኛል፤ ሌላው ፊቴን አይቶ ከንፈሩን ይመጣል። በየመንገዱ ማስረዳት ስለታከተኝ ጻፍሁት። ደግሞም እኔ በሄድሁበት መንገድ የሚሄድ ሰው ካለ፣ ሐኪም የማይነግረውን ነገር ከእኔ ይስማ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የከዳኝ ትንፋሼ ነበር። ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችው ዳገት ትንሽ ናት፤ ተማሪዎቼ እየተሯሯጡ ይወጧታል። እኔ መሃል ላይ ቆሜ፣ የመጣ የሄደውን ሰላም የምል መስዬ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር። ሰላምታዬ እየበዛ ሲሄድ «የኔታ እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ሆኑ» ተባለልኝ። ቀጥሎ ጉልበቴ ታመመ። ከዚያ እንቅልፍ መጣ። ተማሪ ፊቴ ቁጭ ብሎ ሲያዜም አንቀላፋለሁ። ተማሪዎቼ ጨዋዎች ስለሆኑ እኔን ላለመቀስቀስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እነሱ ዝቅ ባደረጉ ቁጥር እኔ ይበልጥ እተኛለሁ። በዚያ ዓመት ከእኔ የተማረ ተማሪ ዜማው ቢሳሳት አይፈረድበትም።

በሽታህ ውፍረት ነው ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። እኛ ዘንድ መሪጌታ ሲወፍር አማረበት እንጂ ታመመ አይባልም። «ወዝ አለዎት» ይሉኝ ነበር። አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ የሚታኘክ ኪኒን ሰጠኝ። ሌላው ሪህ ነው ብሎ ሥጋ ከለከለኝ፤ ሥጋውን ትቼ ሽሮውን በእጥፍ በላሁ። ሦስተኛው ልብ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አስደነገጠኝና ስደነግጥ ግፊቴን ለካው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለ። ጠበል ገባሁ። ጠበሉ ነፍሴን አሳርፎልኛል፣ በዚህ አልቀልድም። ሰውነቴ ግን በሁለት ሰው ተደግፎ ሄዶ በሁለት ሰው ተደግፎ ተመለሰ።

ጾመኛ ሰው እንዴት ይወፍራል የምትሉ ትኖራላችሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የዋለ ሰው ማዕድ ሲቀርብለት እንዴት እንደሚበላ የምታውቁ ግን አትጠይቁኝም። ሱፉም፣ ተልባውም፣ ዘይቱም፣ ሽሮውም የጾም ነው፤ መጠኑን የሚከለክል የለም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ድግስ አለ። ክርስትና፣ ዝክር፣ ማኅበር፣ ተዝካር፣ ሰርግ፤ የትም ቤት ካህናት መጀመሪያ እንቀመጣለን፣ መጀመሪያ ይቀርብልናል፣ ባለቤቶቹም ዙሪያውን ቆመው አፋችንን ያዩታል። በደንብ ከበላን ድግሱ ሰመረ፣ ጸሎቱም ደረሰ ማለት ነው። ካልበላን ወይ ወጡ አልጣመም፣ ወይ ቤቱን ተቀይመነዋል፣ ወይ ከዚያ የባሰ ነገር አለ። አንዱን ቤት አክብሮ ሌላውን መናቅ ስለማይሆን ሁሉም ቤት እንበላለን።

ከአብሮ አደጌ ከመሪጌታ ፈንታ ጋር ከአንዱ ድግስ ወደ ሌላው ስንሄድ «ዛሬ ደግሞ የስንቱን ነፍስ በሆዳችን ልናሻግር ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ቤቱ አምበር አካባቢ ገጠር ነው፤ ለበዓል እየመጣ ከእኛ ጋር ያገለግላል። የፈለገውን ያህል በልቶ የማይወፍር፣ እንደ መቋሚያው ቀጥ ያለ ቀጭን ሰው ነበር።

ጉዴ የወጣው በደብራችን ንግሥ ነው። ማኅሌት ቆመን ሊነጋጋ ሲል፣ እኔ መርቼ ሌላው እየተቀበለኝ፣ ጉልበቴ እጥፍ አለና መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ፈንታ ምንም እንዳልሆነ አስመስሎ ዜማውን ከአፌ ተቀብሎ ቀጠለ። ከሕዝቡ ብዙው ልብ አላለም፤ እኔ ግን ልብ ብያለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር ተዘጋጀልኝ። ተማሪዎቼ እያሸበሸቡ እኔ ቁጭ ብዬ እጄን ብቻ ማወዛወዝ ሆነ ሥራዬ። አፈርሁ፤ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡት ቆመው ያድራሉ። ዳግመኛ ቆሜ ማዜም ፈለግሁ፣ ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

የሺ እጄን ይዛ ከተማው ውስጥ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ተራ መጠበቂያው ጢም ብሏል። እኔ ስገባ «ለየኔታ ቦታ ልቀቁ» ተባለና አንድ ሰው ተነሣ፤ አልበቃኝም፤ ሌላም ተነሣ። እነሱ ለጥምጣሜና ለጋቢዬ ክብር የተነሡ መስሏቸው ደስ አላቸው። እኔ የሁለት ሰው ቦታ ይዤ አቀርቅሬ ተራዬን ጠበቅሁ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ልጄን ትዕግሥትን ታክላለች። ብዙ ከመረመረችኝ በኋላ «የኔታ፣ በእንቅልፍ ልብዎ ትንፋሽ ያቋርጣሉ?» አለችኝ።

«ኧረ የለም፣ እንቅልፌ ሰላም ነው» አልሁ።

«ምን ሰላም ነው!» አለች የሺ። «ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ እልም ይላል። ልብ አርጊ ልጄ፣ ትንፋሹ ጭራሽ ይጠፋል። እኔ መቋሚያውን አጠገቤ ነው የማሳድር። እልም ሲል ጎኑን ወጋ አደርገዋለሁ፣ ይባንንና ይተነፍሳል።»

ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ከመቼ ጀምሮ?» አለቻት። የሺ እንዲህ ስትጠብቀኝ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ደግሞ ጎኔን የሚወጋኝ ኩላሊት ነው ብዬ መድኃኒት ስውጥ ኖሬያለሁ። ስቄ ልለፈው ብዬ ነበር፤ ቤት ስንመለስ ግን ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት አየሁት። እኔ ነኝ የታመምሁት እያልሁ ስነጫነጭ እሷ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስታለች።

ዶክተሯ አልሸፋፈነችም። «ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ ጉልበቱም፣ የትንፋሹ መቋረጥም ከውፍረቱ የመጡ ናቸው» አለችኝ። መጀመሪያ ምግብ ቀንስ ተባልሁ። ሞከርሁ። ጠዋት የቀነስሁትን ማታ ድግስ ላይ አስሞሉኝ። ትንሽ ቀንሼ ብዙ ጨመርሁ። በመጨረሻ ስለ ቀዶ ሕክምና ነገረችኝ፦ የጨጓራን አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ቱቦ ነው። በትንሹ ይሞላል፣ የረሃቡም ስሜት ይቀንሳል። ግን አስማት አይደለም አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ አበላሌም ኑሮዬም ለዘለዓለም መለወጥ አለበት። እሺ አልሁ። የኑሮ መለወጥ የሚለውን ያን ቀን በደንብ የሰማሁት አይመስለኝም።

ቤታችን ተረበሸ። አዲስ አበባ የምትሠራው ትዕግሥት ሐኪም አፈላልጋ ቀጠሮ ያዘችልኝ። ወንድሜ «ጤነኛ ሆድ ይቆረጣል እንዴ? እግዜር የሰጠህን?» ብሎ ተቆጥቶ እግሩን ከቤታችን አነሣ። የሺ አልተቆጣችም፤ አለቀሰች። «መሪጌታው ሆዱን ሲያስቆርጥ ሞተ ሲባል ልስማ?» አለችኝ። ያለንን ባሕር ዛፍ አስቆርጠን ሸጥን። ዛፉ ሲወድቅ ቆሜ ሳይ፣ የሺ ያለችው ነገር በጆሮዬ እየጮኸ፣ ልመለስ ልተወው ብዬ ነበር። ግን ያ ወንበር ታየኝ።

አዲስ አበባ ያለው የተራ መጠበቂያ እጀታ የሌላቸው ሰፋፊ ወንበሮች ነበሩት። ይህ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። እጀታ ያለው ወንበር ላይ ተሰክቶ ሲነሣ ወንበሩ አብሮት የተነሣ ሰው ግን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አጠገቤ አንዲት ደልደል ያለች ነጋዴ ተቀምጣ ነበር። ጥምጣሜን አየችና «አባቴ፣ እርስዎም ለሆድ ነው?» አለችኝ። ነው አልኋት። «እሰይ! እኔ ብቻ ሆዳም የሆንሁ መስሎኝ» አለችና ሁለታችንም እስክናነባ ሳቅን። ከሰማኋቸው ማጽናኛዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ የሷ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉትን ሌሊቶች ማስታወስ አልወድም። ቁስሉ ከምፈራው ያነሰ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ከምገምተው በለጠ። ምን አድርጌ ነው በገዛ እጄ? አልሁ። ዜማ ለማዜም ሞክሬ ድምፄ አልወጣ አለኝ። አንዲት ነርስ መጥታ በመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ውሃ ሰጠችኝ። «በአንዴ አይደለም፣ በዝግታ» አለችኝ። በማኅበር ጠላ በዋንጫ የምጨልጥ ሰውዬ ያችን ክዳን ውሃ መጨረስ አቃተኝ። በበነጋው ድምፄ ሲመለስ የክፍሉ በሽተኞች ድገሙልን አሉኝ።

አሁን ሐኪም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ሐኪም ምን እንደምትበሉ በሚገባ ይነግራችኋል፤ መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ቪታሚን። ምግብና ውሃ ባንድ ላይ አይወሰድም፤ ደህና አድርጎ ማኘክ ነው። ይህን ሁሉ ጽፎ ይሰጣችኋል። እጃችሁን ምን እንደምታደርጉት ግን አይነግራችሁም። ሰው ሁሉ በማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ እጁ ሲመላለስ የእናንተ እጅ ጭናችሁ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ረሃቤ ጠፋ፣ ምኞቴ ግን እንዳለ ነው። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሆዴ ዝም ሲል እግሬ ይነሣል። ወጥቼ እዞራለሁ።

ጾሙም ሌላ ጣጣ ነበር። የንስሐ አባቴ ቄስ አድማሱ «ለሕመምተኛ የተፈቀደ ነው፣ እስክትጠነክር እንቁላሉንም ወተቱንም ውሰድ» ብለው ፈቀዱልኝ። ፈቃድ ሌላ፣ ማላመጥ ሌላ ነው። በሁዳዴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል የበላሁት በሩን ዘግቼ ነው። ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ያች እንቁላል አስለቀሰችኝ።

ሰውነቴ በየሳምንቱ ይሸሻል። ቆዳዬ ተንዠረገገ፣ ጸጉሬም ጥቂት ረገፈ፤ ይመለሳል ብለውኛል። የሺ ልብሴን ታጠብልኛለች፤ ግን አትቆርጠውም። ጨርቁን ወደ ውስጥ አጥፋ ጣል ጣል አድርጋ ነው የምትሰፋው። «ቁረጪው እንጂ» ስላት «ምናልባት» ትላለች። ምናልባት ምን? አትነግረኝም። ድሮ ጎኗ መኝታ የማይነካው ሴት ግን አሁን ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። መቋሚያዬም ወደ ግድግዳው ተመልሷል።

ኦፕራሲዮን መሆኔ ሲሰማ ጠያቂው ጎረፈ። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፤ ገንፎ በቅቤ፣ ማር፣ ዶሮ። «የተቀደደ ሰው ካልበላ ቁስሉ አይሽርም» ይላሉ። የተቀደድሁት እንዳልበላ ነው ብዬ አስረዳለሁ። ይሰሙኝና «ምስኪን፣ ሕመሙን ሊደብቀን ነው» ይላሉ። ብር ከፍሎ የሚከሳ ሰው አለ ብሎ ማን ያምናል? እየከሳሁ በሄድሁ ቁጥር ገንፎው ይበዛል። የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ አፌ ድረስ ማንኪያ ይዘው መጡ። እግዜር ይስጥልኝ እያልሁ በልቤ ግን እናደድ ነበር።

ፈንታ ብቻ ገባው። ሊጠይቀኝ መጥቶ ከላይ እስከ ታች አየኝና «እንግዲህ የሰውን ነፍስ በምን ልታሻግር ነው?» አለኝ። ሳቅን። «ለንግሡ ቆመህ ታዜማለህ፣ እኔ እቀበልሃለሁ» አለኝና ሄደ። ሳምንታት ሳይቆይ ድንገት ታመመና ሞተ። ምን እንደሆነ እንኳ በደንብ ሳይታወቅ፣ ያ ቀጭን፣ ያ ጤነኛ ሰው።

ንግሡ የደረሰው ተዝካሩ ሳይወጣ ነው። ወንበሩን አስነሥቼ ቆምሁ። ቆሜ አደርሁ። ጉልበቴ አልከዳኝም፣ ትንፋሼም አልተቆረጠም። ዓይኔ ግን እየደጋገመ ፈንታ ወደሚቆምበት ቦታ ይሄዳል። ያን ያህል የተመኘሁት ነገር ደርሶ ደስታውን የምነግረው ሰው አጣሁ።

የፈንታ ሚስት እንጉዳይ አርባውን አወጣች። ከሁለት በሬዎቿ አንዱን አርዳ፣ ዳስ ጥላ፣ ካህኑን ሁሉ ጠራች። እኔ ከፊት ተቀመጥሁ። ሳህኔ ላይ ትንሽ ወጥ አስደርጌ በጣቴ ዳር ዳሩን እነካካለሁ። እንጉዳይ ከሩቅ ታየኛለች። ልብሷ ከል ነው፣ ዓይኗ አብጧል። በመጨረሻ መጣችና ከወጡ ሥጋውን በእንጀራ ጠቅልላ ትልቅ ጉርሻ አዘጋጀች።

«የኔታ፣ አፈር ስሆን» አለችኝ።

«እንጉዳይ፣ ሐኪም ከልክሎኛል፣ ነግሬሽ የለም?»

«ስለ ፈንታ ነፍስ ነው። ከማንም ከማንም እርስዎ ይጉረሱልኝ።»

ዳሱ ሁሉ ያየናል። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትሁ። አንዱ ብቻ ደግሞ አይሆንም ብላ ሁለተኛውን ደገመችልኝ። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ሳላኝክ ዋጥሁት።

ጥቂት ቆይቶ ደረቴ መሃል ላይ አንዳች ነገር ተወተፈ። ወደ ታች አይወርድ፣ ወደ ላይ አይወጣ። ላብ አጠመቀኝ፣ ለሃጭ አፌን ሞላው። እየተንገዳገድሁ ወጥቼ ከዳሱ ጀርባ ከጭዱ ክምር ሥር አስመለስሁት። ቀና ስል ግማሽ ድግሰኛ ቆሞ ያየኛል። እንጉዳይ ከፊታቸው ናት። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

በሚኒባስ ወደ ማርቆስ ወሰዱኝ። ዶክተሯ መርምራ የተቀደደ ነገር እንደሌለ አረጋገጠችና ግሉኮስ ሰጠችኝ። ከዚያ አልጋዬ አጠገብ ቆማ «የኔታ» አለችኝ፣ «ሐኪሞቹ ጨጓራዎን ነው እንጂ የቆረጡት ይሉኝታዎን አልቆረጡልዎትም። እሱን ራስዎ ነዎት የሚቆርጡት።» እንደኔ ለምትሆኑ ሁሉ ይህን ቃሏን አስተላልፌያለሁ። እኔን ሊገድለኝ የነበረው ሆዴ አይደለም፣ እምቢ ማለት አለመቻሌ ነው።

እኔ ዳንሁ። የእንጉዳይ ነገር ግን ሌላ ሆነ። የሺ ገበያ ውላ ስትመጣ ከአምበር ሰዎች የሰማችውን ነገረችኝ። የፈንታ ተዝካር አልሰመረም ተብሏል። የልብ ጓደኛው ሆድ እንኳ አልቀበልም ብሎ መለሰው ተብሏል። እንጉዳይም አምናለች። የቀራትን አንድ በሬ ሸጣ ተዝካሩን እንደ አዲስ ልታወጣ ነው። ያ በሬ ከሄደ መጪው ክረምት መሬቷን የሚያርስላት ምን አላት?

ሰው ላክሁባት፤ ሆዴ ታሞ እንጂ ሌላ እንዳይመስልሽ ብዬ። «ሊያጽናናኝ ነው፣ ደግ ሰው ስለሆነ» ብላ መለሰች። መቀመጥ አቃተኝ። ከበር ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ በር ስል የሺ «ኧረ አዞርኸኝ!» አለች። ልብሴን ለበስሁ።

«ሄደህስ ምን ልትላት ነው?»

«እኔም አላውቅ» አልኋት።

አምበር ላይ ከሚኒባስ ወርጄ የእግር መንገዱን ያዝሁ። ዳገቱ ቀላል አይደለም። የምላትን በልቤ እያዘጋጀሁ፣ እያፈረስሁ፣ እንደገና እያዘጋጀሁ ስሄድ ድንገት ራሴን አፋፉ ላይ አገኘሁት። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳልፍ ሰላም ብያለሁ፤ ለማንም ግን ቆሜ አልተነፈስሁም። ይህን ያወቅሁት ዘወር ብዬ የወጣሁትን ዳገት ሳይ ነው። ለፈንታ ብነግረው ደስ ይለው ነበር።

በሬው በረት ደጅ ካለው ግንድ ታስሯል። በነጋታው ገበያ ነው። እንጉዳይ አስገባችኝና መደብ ላይ አስቀመጠችኝ።

«በሬውን አትሽጪ» አልኋት፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ።

«ይተዉኝ የኔታ። እርስዎ ምን ያድርጉ። ከሰው ሁሉ እርስዎን ነበር የሚወድ። የእርስዎ ሆድ እምቢ ካለ እንግዲህ እኔ ምን ልበል?»

«ሆዴን አስቆርጬዋለሁ ብዬሽ አልነበረም?»

«ለበሽታ ነዋ!»

«በሽታው እኮ ሆዴ ነበር።»

እያዘነች አየችኝ። ከወራት ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚያየኝ አስተያየት ነው። ተናድጄ ብድግ አልሁና በቤቱ ውስጥ ተንጎራደድሁ። ዓይኔ ረከቦቱ ላይ ካሉት ስኒዎች ሲያርፍ አንዱን አነሣሁና ፊቷ ያዝሁት።

«ይኸውልሽ። የቀረልኝ ሆድ ከዚህ ብዙም አይበልጥ። የአንቺ አንዱ ጉርሻ ብቻ ይህን ያህላል፤ አንቺ ደግሞ ሁለት አጎረስሽኝ። የፈንታ ተዝካር ምን አጠፋ? ቦታ አጣ እንጂ!»

ስኒውን ከእጄ ተቀብላ ውስጡን አየችው። ከዚያ እኔን አየች፣ ደግሞ ስኒውን። «የሰው ሆድ?» አለች በቀስታ።

«የኔ ሆድ።»

ስኒውን በመዳፏ መዘነችው። «እንዲያ ከሆነ» አለች፣ «በስኒው ይውሰዱልኛ። ከተዝካሩ የተረፈ የገብስ ዱቄት አለኝ። ቀጠን አድርጌ ሙቅ እሠራለሁ። ይኼ ከረጋ አምናለሁ።»

ክፉኛ ደነገጥሁ። ይህም ቢመለስስ? በሬውም ይሄዳል፣ እሷም ዕድሜ ልኳን የባሌ ነፍስ አልተሻገረችም እንዳለች ትኖራለች። እምቢ ማለት ደግሞ ተምሬያለሁ፤ የዶክተሯ ቃል በጆሮዬ አለ። ነገር ግን ይህ ጉርሻ አይደለም። ልኬ ነው። ሆዴን የሚያህል ስኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበልኝ ሰው እሷ ናት።

ሙቁን አመጣችው፤ ቀጭን ነው፣ ለብ ያለ። በማንኪያ ጫፍ ወሰድሁ። ጠበቅሁ። ደግሜ ወሰድሁ። እንጉዳይ ከፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጉሮሮዬን ታያለች። ወደ መሃሉ ስደርስ እግሬ እንደ ልማዱ ተነሥ ተነሥ አለኝ። ብድግ ብድግ ስል አየችኝና «የኔታ፣ አይነሡ» አለችኝ። አልተነሣሁም። ስኒው ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማድረግ የሚቻል ምንም ነገር አልነበረም፤ ሁለታችንም ቁጭ ብለን ሆዴን ጠበቅን።

በበሩ የገባው ፀሐይ ከምሰሶው አልፎ ወደ ግድግዳው ሄደ። ስለ ፈንታ አንዳንድ ነገር አወራን። አንዴ ሆዴ ጮኸና ሁለታችንም ደነገጥን። ሌላ ነገር አልመጣም። ከብቶቹ ከመስክ መመለስ ጀመሩ።

«ረጋልዎ?» አለችኝ።

«ረጋ» አልኋት።

ስኒውን አነሣች። ከሥሩ የቀረችውን ጠብታ በጣቷ ጠረገችና ራሷ ቀመሰቻት።

«እንግዲያስ ፈንታም በላ» አለች።

ወጥታ በሬውን ከግንዱ ፈታችው። በበሩ በኩል ወደ ሣሩ ስትለቀው አያታለሁ። አሁን ብነሣ የሚከለክለኝ አልነበረም። እኔ ግን እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።